ብዙ ውሃ የማይፈልጉ፣ ዘግይተው የሚያብቡ መዓዛማ ተክሎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሌላው አበባ ሲያልቅ የሚጀምሩትን፣ ቅጠላቸው ሲነካ የሚያውዱትን ተክሎች ስለማሳደግ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው።

እነዚህ ተክሎች የትኞቹ ናቸው?

አንድ ጊዜ ተተክለው ለዓመታት የሚቆዩ፣ ሥር ከሰደዱ በኋላ ረጅም ደረቅ ጊዜ የሚችሉ፣ አበባቸው ደግሞ ወቅቱ ሊገባደድ ሲል የሚመጣ ተክሎች ናቸው። ሌላው አበባ ረግፎ ግቢው ጭር ሲል እነሱ ገና ይጀምራሉ። ሽታቸው በአብዛኛው የሚወጣው ከቅጠላቸው ነው። ስለዚህ አበባ በሌላቸው ጊዜም ዳበስ ካደረጋችኋቸው እጃችሁ ላይ ይቀራል።

ለጀማሪ ከሁሉ የምመርጠው የሩሲያ ሴጅ የሚባለውን ነው። አገዳው ነጣ ያለ፣ አበባው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ሐምራዊ ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። አጋስታኬ ደግሞ እንስላል እንስላል ይሸታል፤ አበባው እንደ ዝርያው ሰማያዊ፣ ሮዝ ወይም ብርቱካናማ ነው። ካርዮፕተሪስ ድብልብል ያለች ቁጥቋጦ ናት፤ አበባዋ ሰማያዊ ነው። ሳልቪያ ሊውካንታ ከሜክሲኮ የመጣች ናት፤ የአበባዋ ዘለላ ከፋይ ጨርቅ የተጠቀለለ ይመስላል። መዓዛማው አስተር የሰሜን አሜሪካ ተወላጅ ሲሆን ከሁሉም ወደኋላ የሚቀረው እሱ ነው። ውርጭ በሚጥልበት አገር ውርጩ ደጃፍ እስኪደርስ ያብባል።

ላቬንደርና የጥብስ ቅጠልስ ከነዚህ ይቆጠራሉ?

በአያያዝ አዎ፣ በአበባ ጊዜ ግን ይለያያሉ። የተለመደው ቀጭን ቅጠል ላቬንደር ቀደም ብሎ ያብባል። ላቫንዲን የሚባለው ድቅል ዝርያ ከእሱ ጥቂት ሳምንታት ዘግይቶ ስለሚመጣ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን የተከለ ሰው አበባውን ያራዝማል። የጥብስ ቅጠል ወይም ሮዝመሪ አበባው በየቦታው በተለያየ ጊዜ ነው የሚወጣው። ከዚህ በታች ስለ አፈርና ስለ ውሃ የምለው ሁሉ ግን ለሁለቱም ይሠራል።

የሩሲያ ሴጅ ከሩሲያ ነው? ብርድ ብቻ ነው የሚወደው?

ከሩሲያ አይደለም። የትውልድ ቦታው አፍጋኒስታን፣ ፓኪስታንና ኢራን አካባቢ ያለው ደረቅና ድንጋያማ ደጋ ነው። ስሙ የመጣው ቫሲሊ ፔሮቭስኪ ከተባለ የሩሲያ ጄኔራል ነው። ተክሉ በእሱ ስም ለረጅም ጊዜ ፔሮቭስኪያ ሲባል ቆይቷል። በ2017 እ.ኤ.አ. የዘረመል ጥናት ተደርጎ ወደ ሳልቪያ ወገን ተዛወረና ሳልቪያ ያንጊ ተባለ። የጥብስ ቅጠልም በዚያው ዓመት ሳልቪያ ሆኗል።

ይህን የምነግራችሁ ለችግኝ ግዢ ስለሚጠቅም ነው። አንዱ ሻጭ ፔሮቭስኪያ፣ ሌላው ሳልቪያ ያንጊ ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ተክሉ አንድ ነው። ብርድም ሙቀትም ይችላል። የማይችለው እግሩ ሥር የሚቋጠር ውሃን ነው።

ድርቅን የሚቋቋሙት እንዴት ነው?

አንድ ቅጠል ቀንጥሱና ወደ ብርሃን አቅንታችሁ እዩት። ብዙዎቹ ግራጫ የሚመስሉት በጥቃቅን ፀጉር ስለተሸፈኑ ነው። ፀጉሩ የፀሐዩን ጨረር ይመልሳል፤ ቅጠሉ ላይ የተኛውን አየርም ይዞ ያቆያል። በዚህ የተነሳ ከቅጠሉ የሚተነው ውሃ ይቀንሳል። ቅጠላቸው ትንሽ ወይም የተሰነጣጠቀ መሆኑም ለዚሁ ነው።

በፀጉሮቹ መካከል ዘይት የቋጠሩ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ። ቅጠሉን ስታሹት የሚፈነዱት እነሱ ናቸው። ዘይቱ ነፍሳትና እንስሳት ተክሉን እንዳይበሉት ይከላከላል፤ ለእኛ ደስ የሚለን ሽታ ለእነሱ የማያስጠጋ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የሚያኖራቸው ሥራቸው ነው። ላይ ላይ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ታች ያለውን እርጥበት የሚፈልግ ጥልቅ ሥር አላቸው። ያ ሥር ግን በአንድ ቀን አይወርድም፤ የሚቀጥለው ጥያቄም የሚነሳው ከዚሁ ነው።

ድርቅ ይችላል ከተባለ ለምን አጠጣዋለሁ?

ድርቅ የሚችለው ሥር የሰደደ ተክል ነው። ትናንት የተተከለ ችግኝ ሥሩ ገና በማሰሮው ልክ ነው፤ እንደ ማንኛውም ችግኝ ይጠማል። የመጀመሪያውን የእድገት ወቅት ሙሉ ውሃ ያስፈልገዋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፤ ወይ ከመጀመሪያው ቀን ይተወዋል፣ ወይ ለዘላለም ያጠጣዋል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሳምንት ሁለት ቀን፣ ቀስ ብሎ በሚወርድ ውሃ፣ ታች ድረስ አጠጣለሁ። ከዚያ ወደ ሳምንት አንዴ፣ ከዚያ ወደ ሁለት ሳምንት አንዴ አራርቃለሁ። ቁም ነገሩ ውሃው ጥልቅ ይግባ፣ በመሃል አፈሩ ይድረቅ። በየቀኑ እፍኝ እፍኝ ውሃ የሚረጭለት ተክል ሥሩን ላይ ላይ ዘርግቶ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ድርቅ ሲመጣ ያ ሥር ይቃጠላል።

በሁለተኛው ዓመት በዝናብ ብቻ መኖር ይጀምራል። ዝናብ ለሳምንታት ከጠፋ፣ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንዴ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት አበባውን ያበዛዋል። ሳይጠጣም ይኖራል፤ አበባው ግን ይሳሳል።

አፈሬ ውሃ የሚቋጥር ጭቃ ነው። ተስፋ ልቁረጥ?

አትቁረጡ፤ መጀመሪያ ግን ለኩት። 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። ውሃ ሙሉትና እስኪሰርግ ጠብቁ። እንደገና ሙሉና በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ በማስመሪያ እዩ። ከ2.5 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ከወረደ ደህና ነው። ከ2.5 በታች ከሆነ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ላቬንደር መትከል ተክሉን ኩሬ ውስጥ ማስቀመጥ ነው።

መፍትሔው ወደ ታች መቆፈር ሳይሆን ወደ ላይ ማንሳት ነው። ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ወይም ጉብታ ሠርታችሁ ተክሉን ላዩ ላይ አስቀምጡ። ብዙ ሰው አሸዋ ገዝቶ ጭቃው ውስጥ ያደባልቃል። ትንሽ አሸዋ በብዙ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ግን ውጤቱ የባሰ ድርቅ ያለ፣ እንደ ጡብ የሚጠነክር አፈር ነው። ጠጠርና በደንብ የተብላላ ጥቂት ኮምፖስት የተቀላቀለበት ጉብታ እጅግ ይሻላል። ተዳፋት መሬት ካላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፤ ውሃው በራሱ ይሄዳል።

የአፈሩ ጣዕም፣ ማለትም አሲዳማ ወይም ኖራማ መሆኑ፣ ብዙ አያሳስባችሁ። አብዛኞቹ ከመካከለኛ እስከ ኖራ የሚበዛበት አፈር ይስማማቸዋል። በጣም አሲዳማ አፈር ላይ ግን ላቬንደር ሲያኮርፍ ታዩታላችሁ።

ምን ያህል ፀሐይ ይፈልጋሉ?

ቢያንስ በቀን ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ። ከዚያ ካነሰ አይሞቱም፤ ግን ብርሃኑን ፍለጋ ይንጋደዳሉ፣ አበባቸው ይቀንሳል፣ ሽታቸውም ይደክማል። ጥላ ብቻ ላለው ግቢ ሌላ ተክል ፈልጉ።

ማዳበሪያ ወይም ፍግ ልጨምርላቸው?

አትጨምሩ። ፍቅራችሁን በሌላ መንገድ ግለጹ። ናይትሮጅን የበዛበት ተክል ቅጠሉን ያፋፋል፣ አገዳው ለስልሶ ይወድቃል፣ ክሽክሽ (ፈሳሹን የሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳት) ይወረዋል፣ አበባው ይዘገያል። ሲተከል አንድ አካፋ የተብላላ ኮምፖስት ከተደረገለት ለዓመታት ይበቃዋል። ትኩስ ፍግ ግን አጠገቡ አይድረስ።

ከጽጌረዳ ወይም ከአትክልት ጋር በአንድ መደብ ብተክላቸውስ?

ጽጌረዳና አትክልት ውሃም ምግብም ይወዳሉ። እነዚህ መዓዛማ ተክሎች ግን ሁለቱንም ይጠላሉ። አንድ ጎማ ለሁለቱም ስትከፍቱ አንዱ ሲጠግብ ሌላው ይበሰብሳል። ስለዚህ ውሃ የሚወዱትን ከሚወዱ ጋር፣ የማይወዱትን ከማይወዱ ጋር አድርጉ። ዜሪስኬፕ የሚባለው ውሃ ቆጣቢ የግቢ አያያዝ አንዱ መሠረቱ ይኸው ነው። ቃሉን በ1981 እ.ኤ.አ. የፈጠረው በአሜሪካ የዴንቨር ከተማ የውሃ አገልግሎት ነው።

ቦታ ከጠበባችሁ መደቡን በከፍታ ክፈሉት። ላይኛው ጉብታ ላይ መዓዛማዎቹ፣ ዝቅ ብሎ ውሃው የሚወርድበት ላይ ጽጌረዳው ይሁን።

ጉዝጓዝ ላድርግላቸው? ምን ዓይነት?

ጠጠር። ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጠጠር ምንጣፍ አረሙን ያፍናል፣ ከሥሩ ያለውን እርጥበት ይይዛል፣ የተክሉን አንገት ግን ደረቅ ያደርገዋል። ገለባ፣ የእንጨት ፍቅፋቂና የደረቀ ቅጠል ለሌላ ተክል ጥሩ ናቸው። እዚህ ግን አንገት ላይ ተከምረው እርጥበት ይይዛሉና መበስበስ ያመጣሉ። ሌላ ነገር ከሌላችሁ ቢያንስ ከግንዱ አንድ ስንዝር አርቁት።

ጠጠር የቱን ያህል እንደሚያስኬድ ማየት የሚፈልግ ሰው ስለ ቤዝ ቻቶ የጠጠር ግቢ ያንብብ። ይህች እንግሊዛዊት አትክልተኛ በኤሴክስ የነበራትን የመኪና ማቆሚያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ አትክልት ስፍራ ቀየረችው። ቦታው ከእንግሊዝ ደረቅ ከሚባሉት አንዱ ነው። አፈሩ አሸዋና ጠጠር ነው። ግቢው ውሃ ሳይጠጣ እንዲኖር ወሰነች፤ በድርቅ ዓመትም ከዚያ ውሳኔ ፈቀቅ አላለችም። ለቦታው የሚሆነውን ተክል መምረጥ ቦታውን ለተክሉ ከመለወጥ እንደሚሻል እኔ ያመንኩት በዚህች ሴት ሥራ ነው።

በሳክሲያ ይሆናሉ?

ይሆናሉ፣ በተለይ ላቬንደር፣ አጋስታኬና አጫጭር የካርዮፕተሪስ ዓይነቶች። ሳክሲያው ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው፤ ሥሩም ቀዳዳ ይኑረው። የሸክላ ሳክሲያ ከፕላስቲክ ይሻላል፤ ግድግዳው ይተነፍሳል፣ ትርፍ እርጥበት በጎኑ ይወጣል። ከአፈሩ ሢሶ ያህሉ ደቃቅ ጠጠር ይሁን።

ሁለት ነገር አትርሱ። ከሥሩ የሚቀመጠው ሳህን ውሃ ይዞ አይደር። ደግሞም ሳክሲያ ውስጥ ያለ ተክል ሥሩን የሚሰድበት ጥልቅ አፈር ስለሌለው፣ መሬት ላይ ካለው ቶሎ ቶሎ ይጠማል። ጣታችሁን ሰክታችሁ ደረቅ ከሆነ አጠጡ።

ላቬንደሬ ጠወለገ፣ ውሃ ጨመርኩለት፣ ባሰበት። ለምን?

ከሚጠየቁኝ ሁሉ ይሄ ያሳዝነኛል፤ ተክሉን የሚገድለው የባለቤቱ ርኅራኄ ስለሆነ። ሥር እንደ እኛ አየር ይፈልጋል። አፈሩ በውሃ ሲሞላ ሥሩ አየር ያጣል፣ መምጠጥም ያቆማል። ስለዚህ እግሩ ጭቃ ውስጥ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ ውሃ የጠማው ይመስላል። ሰው ያንን አይቶ ይጨምርለታል። በዚህ ላይ ፋይቶፍቶራ የሚባሉ ረቂቅ ተሕዋስያን አሉ፤ በእርጥብ አፈር ውስጥ እየዋኙ ሥሩ ላይ ይሰፍራሉ።

የመጀመሪያ ላቬንደሬን ያጣሁት እንዲህ ነው። በየማታው አጠጣው ነበር። አንገቱን ሲደፋ የጠማው መሰለኝና ጠዋትም ጨመርኩ። በመጨረሻ ነቅዬ ሳየው ሥሩ ጠቁሯል። አንዱን ቀጭን ሥር በሁለት ጣቴ ይዤ ስስበው ልጣጩ እንደ ካልሲ ወለቀና ውስጡ ያለው ክር ብቻ ቀረ። ሽታው የቆመ ውሃ ሽታ ነበር። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው፤ ሲሳብ አይላጥም።

መለያው ቀላል ነው። ጣታችሁን ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር አፈሩ ውስጥ ስደዱ። ደረቅ ከሆነ ጠምቶታል፤ አጠጡት። እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ከጠወለገ፣ በተለይ ደግሞ ሌሊቱን አሳልፎ ጎህ ሲቀድም ካልቀና፣ ችግሩ ሥሩ ላይ ነው። ውሃውን ወዲያው አቁሙ። ገና ከጀመረ አውጥታችሁ የበሰበሰውን ሥር ቆርጣችሁ ከፍ ባለ ደረቅ ጉብታ ላይ ትከሉት። ከመድከሙ በፊትም ከጫፉ ጤነኛ ቀንበጥ ቆርጣችሁ አስቀሩ፤ እናቲቱ ባትተርፍ ልጆቿ ይተርፋሉ።

ከዘር ላብቅል ወይስ ከቅርንጫፍ?

አጋስታኬ ከዘር በደንብ ይበቅላል፤ ራሱም ዘሩን እየበተነ ግቢውን ይሞላል። ላቫንዲን ግን መካን ስለሆነ ዘር የለውም። ሌሎቹም ከዘር ሲበቅሉ እናታቸውን ላይመስሉ ይችላሉ። የወደዳችሁትን ተክል ራሱን ማባዛት ከፈለጋችሁ ቅርንጫፍ ቁረጡ።

አበባ ያልያዘ፣ ጫፉ ለጋ ሆኖ ግርጌው ጠንከር ማለት የጀመረ ቀንበጥ ምረጡ። ርዝመቱ 8 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አራግፉና ግማሽ አሸዋ ግማሽ ኮምፖስት በሆነ አፈር ውስጥ ሰኩት። ጥላ ቦታ አስቀምጡት። አፈሩ እርጥበት ይኑረው እንጂ አይጨቅይ። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በቀስታ ስትስቡት እምቢ ካለ ሥር አውጥቷል። እኔ ከአሥር ስድስት ቢይዝልኝ ደስተኛ ነኝ፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ከሚያስፈልገኝ በላይ እሰካለሁ።

መቼ ነው የሚገረዙት?

ዘግይተው ከሚያብቡት ብዙዎቹ የሚያብቡት በዚያው ወቅት በበቀለ አዲስ ቀንበጥ ላይ ነው። ይህ ነገር ሲገባችሁ መግረዝ አያስፈራም። የሩሲያ ሴጅንና ካርዮፕተሪስን ከእረፍት ሲነቁ፣ ከሥር አዲስ ጉጥ ብቅ ብቅ ሲል፣ ከመሬት ከ15 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡ። የጨከናችሁ ቢመስላችሁም አትፍሩ። ከዚያ ጉቶ የሚወጣው ቀንበጥ ነው አበባውን የሚሸከመው።

ብርድ ባለበት ቦታ አበባው እንዳለቀ ቶሎ አትግረዙ። የደረቀው አገዳ አንገቱን ከብርድና ከእርጥበት ይጠብቅለታል። አጋስታኬ በተለይ ክፍት የሆነ አገዳው ውስጥ ውሃ ሲገባበት እስከ ሥሩ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ እስከ ወቅቱ ለውጥ አገዳው እንዳለ ይቆይ። ውርጭ በሌለበት አገር ደግሞ ተክሉ አበባውን ጨርሶ አዲስ ቅጠል ከማውጣቱ በፊት ያለችውን የእረፍት ጊዜ ጠብቁ።

ላቬንደርና የጥብስ ቅጠል ግን ሌላ ሕግ አላቸው። አሮጌው ራቁት እንጨት ላይ ከቆረጣችሁ በአብዛኛው አያቆጠቁጡም። አበባው ሲያልቅ አረንጓዴውን ክፍል ብቻ፣ ሢሶ ያህሉን ቁረጡ። ከመቀሳችሁ በታች ሁልጊዜ የተወሰነ አረንጓዴ ቅጠል ይቅር።

ረዝሞ መሃሉ ተከፍሎ ይወድቃል። ምን ላድርግ?

ከሦስት ምክንያት አንዱ ነው። ጥላ ይበዛበታል፣ አፈሩ ሰብቷል ወይም ውሃ ትሰጡታላችሁ። ሦስቱም ካልሆኑ ገና በለጋነቱ፣ እምቡጥ ከመታየቱ ብዙ ሳምንታት ቀደም ብላችሁ፣ ከቁመቱ ሢሶውን ቀንጥሱት። ቅርንጫፍ ያበዛል፣ ቁመቱ ያጥራል፣ አበባውም ጥቂት ቢዘገይ ነው። እምቡጥ ከያዘ በኋላ ግን መቀሱን አስቀምጡ፤ ያኔ የምትቆርጡት የዓመቱን አበባ ነው።

በዱላ ደግፎ ማቆም ይቻላል። እኔ ግን እርስ በርስ እንዲደጋገፉ ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር አራርቄ በቡድን መትከሉን እመርጣለሁ።

ንብ ይበዛባቸዋል፤ ያሰጋል?

ንቧ ሥራ ላይ ናት። አበባ ላይ ያለች ንብ ካልተጨፈለቀች ወይም ካልተያዘች በቀር ሰው መንደፍ አትፈልግም። ለንብ አለርጂ ያለበት ሰው ካለ ተክሉን ከመተላለፊያና ከበር ራቅ አድርጉት፤ ሌላው ሰው ይልመደው።

እኔ እነዚህን ተክሎች የምወድበት ዋናው ምክንያት ንቦቹ ናቸው። ሌላው አበባ ሲያልቅ የአበባ ወለላና ብናኝ የሚያገኙበት ቦታ ይጠፋቸዋል። ዘግይቶ የሚያብብ አንድ ቁጥቋጦ ያኔ ብዙ ነገር ነው። ሰማያዊና ሐምራዊ ቀለም ለንብ ዓይን ጎልቶ ይታያል፤ የሩሲያ ሴጅ ከቀትር በፊት ሲያጉረመርም የምትሰሙት ለዚህ ነው። ጤዛው ሳይደርቅ ማለዳ ወጥታችሁ አስተሩን እዩ። አንዳንድ ቀን ንብ አበባው መሃል ተጣብቃ፣ ጀርባዋ ላይ የጤዛ ጠብታ ይዛ፣ ተኝታ ታገኛላችሁ። ፀሐይ ሲነካት እግሯን ትጠራርግና ትነሳለች። ስለዚህ አበባ ላይ መድኃኒት አትርጩ። ክሽክሽ ከታየ ውሃ በጎማ መትቶ ማራገፍ ይበቃል።

ለማድረቅ መቼ ልቁረጥ?

ጠዋት፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ። የቀትር ሙቀት ዘይቱን ያተነዋል። ከዘለላው ሢሶ ወይም ግማሽ ያህሉ ሲከፈት ቁረጡ፤ ሁሉም ሲከፈት ብትቆርጡት ሲደርቅ ይረግፋል። ቀጠን ቀጠን ባለ እቅፍ አስራችሁ፣ ጨለማና አየር የሚዘዋወርበት ቦታ፣ ቁልቁል ስቀሉት። ሁለት ሦስት ሳምንት ይበቃዋል። ሽታው እንደ ድሮው አይደለም የሚል ሰው ካለ፣ መጀመሪያ የማየው ውሃና ማዳበሪያ እንዳልበዛበት ነው።

ተክሉ አርጅቶ መሃሉ ባዶ ሆነ። ይድናል?

እንደ ዓይነቱ ነው። መዓዛማው አስተር ይከፈላል፤ ቆፍራችሁ አውጡት፣ ያረጀውን መሃል ጣሉ፣ ዳር ዳሩን ለየብቻ መልሳችሁ ትከሉ። የሩሲያ ሴጅ ከሥሩ ጎን ለጎን አዲስ ቡቃያ ይልካል፤ ከነሥሩ ነቅላችሁ ማዛወር ትችላላችሁ። ላቬንደር ግን አንዴ እንጨት ብቻ ከሆነ አይመለስም። አጋስታኬ ደግሞ በተፈጥሮው ዕድሜው አጭር ነው፤ ብዙዎቹ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይኖራሉ። ለሁለቱም መድኃኒቱ ተተኪ ቀድሞ ማዘጋጀት ነው። እኔ በየሁለት ዓመቱ ቅርንጫፍ ሰክቼ አስቀምጣለሁ።

ሁሉን በደንብ አድርጌ ቅጠል ብቻ ሆነ፤ አበባ እምቢ አለ። ምን ጎደለ?

ፀሐይ፣ ማዳበሪያና ዘግይቶ መግረዝ ካልሆኑ፣ ማታ ወጥታችሁ መብራት ፈልጉ። ሳልቪያ ሊውካንታን የመሳሰሉ ተክሎች እምቡጥ የሚቋጥሩት ሌሊቱ ሲረዝም ነው። ተክል የቀንና የሌሊት ርዝመትን እንደሚለይ ጋርነርና አላርድ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች በ1920 እ.ኤ.አ. በትንባሆና በአኩሪ አተር ላይ ባደረጉት ሥራ አሳይተዋል። ለእነዚህ ተክሎች ያልተቋረጠ ጨለማ የግድ ነው። የበረንዳ ወይም የመንገድ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ሲያበራባቸው ሌሊቱ የረዘመ አይመስላቸውም፤ ቅጠል ማብዛታቸውን ይቀጥላሉ።

የአንድ ወዳጄ ሳልቪያ አጥሩ ሥር ነበረች። በግራ በኩል ያለው ቅርንጫፏ በሐምራዊ ዘለላ ተሞልቶ ሳለ፣ በቀኝ ያለው የአጥር መብራት የሚያርፍበት ጎን ቅጠል ብቻ ነበር። መቀስ የቆረጣት ይመስል መሃሏ ላይ መስመር ይታይ ነበር። መብራቱን ማጥፋት የምትችሉ ከሆነ አጥፉ፤ ወይም ወደ መሬት አጎንብሱት። የመንገድ መብራት ከሆነ ደግሞ ከግድግዳ ወይም ከቁጥቋጦ ጀርባ ጥላ ያለበትን ጎን ምረጡ። ቀን ፀሐይ የሚያገኝ፣ ማታ ግን የራሳችሁን እጅ የማታዩበት ቦታ ይሁን።